የአያ አድማሱ ሰማያዊ ጋሪ

አያ አድማሱ ማረፋቸውን የሰማሁት በስልክ ነው። ኔቬ ያዕቆብ ካለው ቤቴ ወጥቼ አውቶቡስ እየጠበቅኩ ሳለ አንዲት የድሮ ጎረቤቴ ከቀድሞ ሰፈሬ ከቂርያት ሃዮቨል ደወለችና፣ ሰላምታውን እንኳ በወጉ ሳትጨርስ፣ «አያ አድማሱ እኮ አረፉ፤ ዛሬ ከሰዓት ነው ቀብራቸው» አለችኝ። በኛ አገር መርዶ እንዲህ አይነገርም ነበር። ሽማግሌዎች ተጠራርተው፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ ይደርሱና ዙሪያውን ከበው ይነግሩታል እንጂ መንገድ ዳር የቆመ ሰው ጆሮ ውስጥ አይወረውሩበትም። ተናደድኩባት። ኋላ ሳስበው ግን ንዴቴ በሷ አልነበረም። ከብዙ ዓመት በፊት እኔው በአፌ ለአያ አድማሱ የተናገርኩት ሌላ መርዶ ነበር፤ እሱ ነው ብቅ ያለብኝ።

ያኔ ቂርያት ሃዮቨል አንድ ሕንፃ ላይ ነበርን፤ እሳቸው ከምድር ቤት፣ እኔ ከላያቸው። እኔ መሀል ከተማ ባለ ክሊኒክ አስተርጓሚ ነበርኩ፤ ዕብራይስጥ ያልገባቸውን ያገሬን ሰዎች ለሐኪሙ፣ ሐኪሙን ለነሱ የማደርስ። አያ አድማሱ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። ስሜ «አንቺ አስተርጓሚ» ነበር። ዝናብ ሊጥል ሲል እንኳ ከታች ሆነው «አንቺ አስተርጓሚ፣ ልብስሽን አስገቢ!» ይሉኛል።

ቀጭን፣ ረዥም፣ ሲሄዱ ትንሽ ወደ ግራ የሚያዘነብሉ ሰው ነበሩ። ሰሞኑን ምን እየቀቡ እንደሆነ ከጥፍራቸው ሥር ይታወቃል። አባታቸው ጎንደር አካባቢ ማረሻና ማጭድ የሚሠሩ ቀጥቃጭ ነበሩ። እሳቸው ደግሞ እዚህ ከመጡ በኋላ ታልፒዮት ውስጥ የተጋጨ መኪና የሚያቃና ጋራዥ ገብተው ቀለም ቅብ ተማሩ። ጋራዡ ሲዘጋ ቀለም የሚረጩበትን ኮምፕሬሰራቸውን ይዘው ቤታቸው ገቡና ከበራቸው ፊት ያለችውን ሚጢጢ ግቢ ጋራዥ አደረጓት። የሰፈሩ ብስክሌት፣ የብረት አልጋ፣ የበረንዳ አጥር፣ ሁሉም በእጃቸው ያልፋል። ከመቀባቱ ይልቅ መፋቁን ይወዱት ነበር። ብርጭቆ ወረቀታቸውን ውሃ እየነከሩ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው በመዳፋቸው እየዳሰሱ፣ ሲፍቁ ይውላሉ። «ቀለም ምስጢር አይችልም» ይላሉ። «ከሥሩ የደበቅሽውን ሁሉ ፀሐይ ላይ ወጥቶ ያወራብሻል።»

ማንበብ አይችሉም። ሲጠየቁም አያፍሩም፤ «እኔ ቀለም ቀባሁ እንጂ ቀለም አልቆጠርኩም» ብለው ይስቃሉ።

የግቢያቸው ሕግ አንድ ነበር፤ እርጥብ ቀለም በጣት አይነካም። ሰው ደግሞ ምን ሰይጣን እንደሚገፋው አላውቅም፣ አዲስ የተቀባ ነገር ሲያይ ደርቆ እንደሆነ ልይ ብሎ ጣቱን ይሰዳል። አያ አድማሱ ጀርባቸውን ሰጥተው ቢሆን እንኳ ያውቁታል። «ገና አልደረቀም!» ብለው ይጮኻሉ። በኔም ስንቴ ተጮኾብኛል። እስካሁን ድረስ አዲስ ቅብ በር ሳይ እጄን ወደ ኋላ እሰበስባለሁ።

ስለ አንዲት ቃል ደግሞ ልናገር፤ ያለሷ ነገሩ አይገባም። በዕብራይስጥ ቀለም «ጼቫ» ነው፤ ሠራዊት «ጻቫ»። እኛ አፍ ውስጥ ሲገቡ ሁለቱም «ጸባ» ይሆናሉ፤ አያ አድማሱ ዘንድማ ፈጽሞ ልዩነት አልነበራቸውም። አንድ ቀን ክሊኒካችን መጥተው ነርሷ ሥራቸውን ብትጠይቃቸው ደረታቸውን ነፍተው «ጸባ» አሏት። ሴትዮዋ ሽበታቸውን አየች፣ እኔን አየች፣ «በዚህ ዕድሜያቸው ሠራዊት ውስጥ?» አለች። ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ወሬው ሰፈር ደርሶ ከዚያ ወዲህ ስማቸው «ኮሎኔል» ሆነ። «ኮሎኔል፣ ጦሩ እንዴት ነው?» ይላቸዋል አላፊ አግዳሚው። «ገና አልደረቀም» ይላሉ።

እውነተኛው ወታደር ልጃቸው ነበር። ያላቸውም እሱ ብቻ ነው። እናቱ ወደዚህ ስንመጣ ሱዳን በረሃ ላይ ቀርታለች፤ የቀበሯት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ከሱ በፊት የተወለዱት አልበረከቱላቸውምና እሱ ሲወለድ «ሰጠኝ» አሉት። እዚህ ትምህርት ቤት ሲገባ አስተማሪዋ የስሙን ትርጉም ጠይቃ «ናታን» አለችው፤ ናታን ማለት በዕብራይስጥ «ሰጠ» ነው። አያ አድማሱ ይህን ሲሰሙ ጥቂት አሰቡና «ትርጉሙስ ደህና ነበር» አሉ፤ «ግን 'ኝ'ዋን ጥለዋታል። ሰጠ? ለማን ሰጠ?»

ሰጠኝ ለሰንበት ፈቃድ አግኝቶ ሲመጣ ቦርሳውን ሳያወርድ ነው ከአባቱ ጋር መበሻሸቅ የሚጀምር። አማርኛው የተሰባበረ ነበር። «አባ፣ ሁለታችንም እኮ ጸባ ነን» ይላል። «አንተ ትቀባለህ፣ እኔ እጠብቃለህ።»

«እጠብቃለሁ በል።»

«እሺ፣ ትጠብቃለሁ።»

አባቱ እንባቸው እስኪወርድ ይስቃሉ። ያን ሳቅ ከላይ ሆኜ ስሰማ ሰንበት መግባቱን አውቅ ነበር።

ጋሪዋን ያመጣሁባቸው እኔ ነኝ። ኢትዮጵያ ጎዳና ላይ፣ ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ግቢ የሚኖሩ እማሆይ ጽጌ የሚባሉ መነኩሲት ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሏቸው ክሊኒካችን ይመላለሱ ነበር። አንድ ቀን «ልጄ፣ አንድ ደግ ሰው ጋሪ ሰጠን፤ ግን ለዓይን የምታሳፍር ሆነችብን» አሉኝ። ሄጄ ሳያት የጎልፍ መኪና ናት፤ ጎልፍ የሚጫወቱ ባለጠጎች ሣር ለሣር የሚዞሩባት፣ በር የሌላት፣ በባትሪ የምትሄድ። የሆነ ሆቴል የጣላት ነች። ያረጁ መነኮሳትንና ከአገር ቤት የሚመጡ አዛውንት ተሳላሚዎችን ከውጭው በር እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ እንድታደርስ ታስቦ ነበር። ነገር ግን አረንጓዴ ቀለሟ ተላልጧል፣ ጎኗ ላይ ደግሞ የዋና ልብስ የለበሰች ሴት ብርጭቆ ይዛ ተጋድማለች። «ይችን ይዤ እመቤቴ ደጅ ልቁም?» አሉ እማሆይ።

ለአያ አድማሱ ስነግራቸው «የመነኩሲቷ አገር ወዴት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ደንቢያ ነው አልኳቸው።

«ደንቢያ» አሉ። «የደንቢያ ሰው ማረሻውን ከአባቴ እየወሰደ አባቴን ቡዳ ይለው ነበር። የኔ እጅ የቀባውን ይቀመጡበታል ወይ? ጠይቂልኝ።»

እንዲህ ያለ ነገር ማመላለስ አልወድም፤ ጠየቅኩ ግን። እማሆይ ጽጌ ዓይናቸውን ከመቁጠሪያቸው ሳያነሱ «በልጅነቴ የበላሁትን እህል ያረሰው የማን ማረሻ ሆነና ነው? እቀመጥበታለሁ በያቸው» አሉኝ።

መልሱን ስነግራቸው አያ አድማሱ ዘወር ብለው ንጹሑን ኮምፕሬሰራቸውን ይወለውሉ ጀመር። እየወለወሉም «ምን ቀለም ነው የሚሹ?» አሉ።

«ሰማያዊ። የእመቤታችን ልብስ ዓይነት።»

«የዚህ አገር ባንዲራችንም ነው» አሉ። ነገሩ በዚህ አለቀ።

ጋሪዋ በጭነት መኪና መጥታ ግቢያቸውን ሞላችው። ወንበሯን ፈቱ፣ መብራቷን ፈቱ፣ ገላዋን ከብረቱ አላቀው በእንጨት ላይ አጋደሙት። በሳሙና አጠቡት፣ ስንጥቁን በስቱኮ ሞሉት፣ መፋቅ ጀመሩ። ብርጭቆ የያዘችውን ሴት ሲፍቁ «እኅቴ፣ ይቅር በይኝ» ይሏት ነበር። በዚያ ሰንበት ሰጠኝ መጥቶ ጋሪዋን ሲያይ ዓይኑ በራ።

«አባ፣ እኔና አንተ በዚች ሰፈሩን እንዙር። ከዚያ ይውሰዷት።»

«ሐሙስ ነው የሚወስዷት።»

«ሐሙስ እመጣለሁ። ፈቃድ አለኝ።»

«እንግዲያው ሐሙስ ደርቃ ትጠብቅሃለች» አሉት። እሑድ ማለዳ ወደ ጦሩ ሲመለስ ከበሩ ላይ ዞሮ «ሐሙስ!» ብሎ ጮኸ። ሊባኖስ ነበር የሚያገለግል።

ከዚያ ወዲያ አያ አድማሱ ሐሙስን የሚቀድሙ ሰው ሆኑ። ከአሥር ጊዜ በላይ ሲፍቁ የሚውሉ ሰው፣ ለዚያች ቀን ሲሉ እጃቸው ፈጠነ። ማክሰኞ ጧት የመጨረሻውን ቅብ ያዙ። አቧራ እንዳይነሣ ግቢውን ውሃ አርከፈከፉ፣ ሰው እንዳይገባ ገመድ ወጠሩ፣ አፋቸውን ሸፈኑ፣ ትልቁን የሥራ መነጽር አደረጉ። እኔ ከሰዓት በኋላ ነበርና ሥራ የምገባ ሰገነቴ ላይ ልብስ አሰጣለሁ። ሰማያዊው ገና ሲያርፍ የሚያበራው ነገር አለው። ከላይ ሆኜ አይቼ «ኮሎኔል፣ ዛሬስ አማረበት» ልላቸው ስል ነው ሰዎቹን ያየኋቸው።

ሦስት ናቸው፤ ሁለት ወንድና አንዲት ሴት፣ የሠራዊት ልብስ የለበሱ። መኪናቸውን ጥግ አቁመው የቤቱን ቁጥር እያነበቡ መጡ። እዚህ አገር የሚኖር ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። በእጄ የያዝኩት ልብስ ታች ወደቀ።

ከመሀላቸው ትልቁ ገመዱ ጋ ቆሞ በዕብራይስጥ «አቶ አድማሱ? እኛ ከጻቫ ነን» አለ።

አያ አድማሱ ከጋሪዋ ጀርባ እንዳጎነበሱ ነበሩ። ቀና አላሉም። ስለ ቅቡ የመጡ መስሏቸው፣ ግማሹን በዕብራይስጥ ግማሹን በአማርኛ፣ «ጸባው ገና አልደረቀም! ሐሙስ! ሐሙስ ኑ!» ብለው ጮኹ።

ሰዎቹ ተያዩ። መኮንኑ ቀስ ብሎ ያንኑ ደገመ።

ያን ጊዜ ቀና አሉ። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉ። የሰዎቹን ልብስ አዩ፤ ጫማቸውን አዩ። እኔ ደረጃውን ሦስት ሦስቱን እየዘለልኩ ስወርድ ሁለተኛውን ሲሉ ሰማኋቸው፤ በአማርኛ ብቻ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ሰው እንደሚለምን።

«ገና አልደረቀም። ሂዱ። ሐሙስ ኑ።»

የመጀመሪያውን ሳያውቁ ነው ያሉት። ሁለተኛውን አውቀው ነው።

ሴቲቱ መኮንን አማርኛ እችል እንደሆነ ጠየቀችኝ። እችላለሁ አልኩና ለመንኳት፤ በኛ ወግ እንዲህ አይደለም፣ ሽማግሌ እስኪጠራ፣ እስከ ነገ ማለዳ ተዉት አልኳት። በትዕግሥት ሰማችኝ። ከዚያ ክንዴን ይዛ «አይተውናል እኮ» አለችኝ። እውነቷን ነው። መርዶው በግቢው ውስጥ ቆሟል፤ የቀረው ቃሉ ብቻ ነበር።

መኮንኑ ተናገረ። ልጅዎ ናታን ብሎ ጀመረ። አፌን ከመክፈቴ አያ አድማሱ እጃቸውን ዘርግተው አስቆሙኝ።

«ናታን ነው ያለው?»

«አዎ።»

«እንግዲያማ ተሳስተዋል» አሉ። «ንገሪያቸው። የኔ ልጅ ሰጠኝ ነው።»

ዓይናቸው ውስጥ የበራውን ተስፋ እግዜር ለጠላቴም አያሳየው። በሥራዬ ስንት ክፉ ቃል ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው አሻግሬአለሁ። ያን ቀን ግን የሚተረጎም ነገር አልነበረም። «አያ አድማሱ» አልኩ፤ «ሰጠኝ ነው።»

የሚይዙት ቢያጡ ጋሪዋ ላይ ተደገፉ፤ መዳፋቸው እርጥቡ ሰማያዊ ውስጥ ሰጠመ።

ሰጠኝ ሀር ሄርጽል፣ የወታደሮች መቃብር ካለበት ተራራ፣ ተቀበረ፤ ከሰፈራችን በእግር የሚደረስ ነው። ተኩሱ ተተኮሰ፣ ጸሎቱ ደረሰ፣ የኛ ሴቶች ዋይታ ያን ጸጥታ ሰነጠቀው። አያ አድማሱ አላለቀሱም። መዳፋቸውን ዘርግተው ያዩ ነበር። ሰማያዊው ከእጃቸው መስመር ውስጥ አልለቅ ብሏል።

በልቅሶው ሰሞን ሰው ግቢው ውስጥ በጋሪዋ ዙሪያ ነበር የሚቀመጥ። አቧራ ጠጣባት፣ ቅጠል ተለጠፈባት፤ ማንም ሊያነሣት አልደፈረም። እማሆይ ጽጌ ታመው ተኝተው ስለነበር ሊመጡ አልቻሉም፤ «ጋሪዋ ትቆይ። እኛም እንቆያለን» ብለው ላኩብኝ።

ቆይቶ መቃብሩ ላይ ስለሚጻፈው ስም ልትነጋገር አንዲት ወታደር መጣች፤ ትሁት ልጅ። እኔ አስተረጎምኩ። «ናታን» ይጻፍ፣ ከጎኑም አባቱ ያወጡለት ስም ይግባ ተባለ። ችግሩ ግን ዕብራይስጥ «ኝ» የምትባል ፊደል የለውም። ልጅቷ ወዲያ ብትል ወዲህ ብትል፣ የጻፈችው ሲነበብ «ሰጠን» ነው የሚል። ይህን ነገርኳቸው።

«ፊት 'ሰጠ' ነበር» አሉ አያ አድማሱ። «አሁን 'ሰጠን' ሆነ። ይሁን፤ ለሁላችሁም ነው የሞተው፤ ሰጠን በሉ። የኔዋን 'ኝ' ግን የት ላግባት?»

ልጅቷ «ምን አሉ?» አለችኝ። «ይሁን ብለዋል» አልኳት። ሌላውን ወደ ዕብራይስጥ የማሻግርበት ድልድይ አልነበረኝም።

ከጥቂት ቀን በኋላ በሬን አንኳኩ። «አንቺ አስተርጓሚ» አሉ ደጁ ላይ እንደቆሙ፤ «'ኝ' ምን ትመስላለች?»

ግቡ ብላቸው አልገባ አሉ። ወረቀት አምጥቼ ጻፍኩላቸው። ልዩነቱን እንዲያዩ ከጎኗ «ን»ንም ጻፍኩ። ጣታቸውን ሳያስነኩ ከላይ ከላይ ተከተሏት።

«ቆብ ያደረገች 'ን' ናት» አሉ።

«አዎ፣ እንዲያ ናት።»

«የሱን ቆብ መልሰውልኛል። መሳቢያ ውስጥ ነው» አሉና ወረቀቱን ይዘው ወረዱ።

በማግሥቱ የብርጭቆ ወረቀቱን ድምፅ ሰማሁ። የራሳቸውን መዳፍ ምልክት እየፋቁ ነበር። በመጨረሻ እንደገና ቀብተው ሲገጣጥሟት ያቺ ጋሪ እንደ ውሃ ጠራች። መዳፋቸው ያረፈበት ቦታ ላይ፣ ከወንበሩ ጀርባ፣ በነጭ ቀለም አንዲት ፊደል ብቻ ጻፉ፤ በሕይወታቸው የጻፏት ፊደል እሷ ብቻ ናት።

ሐሙስ ነበር የወሰዷት። ከመወሰዷ በፊት ግን አያ አድማሱ የሰንበት ልብሳቸውን ለብሰው ወጡ። ከመሪው ኋላ ተቀመጡ፣ ጎናቸው ያለውን ቦታ ባዶ ተዉት፣ ሰፈሩን ዞሩባት። ስንት ጋጠወጥ ሕፃን ያለበት ሰፈር ነው፤ አንድም ከኋላቸው የሮጠ የለም። እኔ ሰገነቴ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ከዚያ ወዲህም «ኮሎኔል» ብሎ የጠራቸው ሰው የለም።

ከሳቸው የቀረኝ ይህ ነው። ኋላም ቀቡ፣ ፋቁ፣ ዓርብ ዓርብ ወደ ሀር ሄርጽል ወጡ፤ እኔ ቤት ለወጥኩ፤ በበዓል በበዓል እየደወልኩ «አንቺ አስተርጓሚ» ሲሉኝ እሰማ ነበር። እነሆ እሱም ቀረ።

በተቀበሩ ማግሥት፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ኢትዮጵያ ጎዳና ሄድኩ። እማሆይ ጽጌ በስልክ እንዳይሰሙት ብዬ ነው፤ ቢያንስ አንዱን መርዶ በወጉ ላድርሰው። እጅግ አርጅተዋል። ጋሪዋም አርጅታለች፤ ባትሪዋ ከሞተ ቆይቷል፣ ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ቆማ መቀመጫ ሆናለች። አንድ ሰው በግራጫ ቀለም ደግሞ ቀብቷታል። ከወንበሩ ጀርባ ግን አንዲት መዳፍ የምታህል ሰማያዊ ሳትነካ ቀርታለች፤ መሀሏ ላይ ነጯ «ኝ»። እማሆይ እዚያው ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይቆጥሩ ነበር። አጠገባቸው ተቀምጬ ነገርኳቸው።

«ነፍሳቸውን ይማር» አሉ። ከዚያ «ይችን ፊደል እንዳይነኩብኝ ለቀቢው ነግሬው ነው» አሉኝ። «ያኔ ምንድን ናት ብላቸው 'የኔ ናት' ብቻ አሉኝ። እኔም ከፊቷ ያለውን ቦታ ለተሳፋሪው ባዶ የተዉት መስሎኝ፣ በተቀመጥኩ ቁጥር እሞላታለሁ። ጉልበቴን ሲያመኝ 'ማረኝ' እላለሁ። ስፈራ 'ጠብቀኝ'። ብቸኝነቱ ሲከፋብኝ 'አስበኝ'።»

ከፊደሏ ፊት የነበረውን ቃል ነገርኳቸው። የልጁን ስም፣ «ናታን»ን፣ ድንጋዩ ላይ የተጻፈውን፣ ቦታ ያጣችውን ፊደል።

እማሆይ ጽጌ መቁጠሪያቸው ቆመ። «ወይ እኔ» አሉ። «ለካ ይህን ሁሉ ዓመት እኔ ስለምንባት፣ እሳቸው አመስግነውባት ኖሯል።»

ሁለታችንም ወደ ፊደሏ ዞርን። ነጩ ትንሽ ወይቧል እንጂ ቆቧ እንዳለች ናት። ልዳስሳት ብዬ እጄን ሰደድኩ፤ ልነካት ትንሽ ሲቀረኝ መልሼ ሰበሰብኩት።

ገና አልደረቀም።